እትዬ አስካለ ያልጠየቀችው ይቅርታ

ሰዓዳ ስትደውልልኝ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። ኔትዎርኩ እየመጣ እየሄደ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ሴትዮዋ ሞተች» አለችኝ።

«የትኛዋ ሴትዮ?»

«የኔዋ ናታ! ስንት ሴትዮ አለችኝ?»

መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል፣ ደግሜ ብደውል አልገባ አለ። ሽንኩርት ሻጩ «ያላ፣ ትገዢ እንደሆን ግዢ» እያለ ይነዘንዘኛል፤ እኔ ስልኬን ይዤ ቆሜያለሁ። በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን ንዴት ነበር። እትዬ አስካለ በሕይወት እያለችም ቆሽቴን የምታሳርር ሴት ነበረች። አሁን ደግሞ በአንድ ከተማ እየኖርን፣ ወንዙና ጦርነቱ መካከላችን ገብቶ ሳንተያይ፣ እሷ ማዮ እኔ ኦምዱርማን ሆነን፣ የነገርኳትን አንዱንም ሳትሰማኝ ሄደች።

ከጦርነቱ በፊት ካርቱም የኖረ ሐበሻ አስካለን የማያውቅ ጥቂት ነው። የሚያውቃት ሰው ግን ሁለት ዓይነት ነው። ቀድሞ ያወቃት ሰው ደላላዋን አስካለን ነው የሚያውቀው። በገላባት በኩል ድንበር አቋርጠው የሚመጡ ሴት ልጆች ማረፊያቸው እሷ ቤት ነበር። ታበላቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ጥቂት የዐረብኛ ቃል ታስጠናቸዋለች፣ ከዚያ ዐማራት በሚባለው ሰፈር ላሉ ሀብታም ቤቶች በሠራተኝነት ታስገባቸዋለች። ፓስፖርታቸውን «እንዳይጠፋባችሁ» ብላ እሷው ጋ ታስቀምጠዋለች። ልጅቱ ከገባችበት ቤት እያለቀሰች ስትደውል አስካለ የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ቻይው»። መቱኝ፤ ቻይው። እህል ከለከሉኝ፤ ቻይው። ልጆቹ በኋላ በኋላ ስሟን ትተው «እትዬ ቻይው» ነበር የሚሏት።

ሰዓዳ ከወሎ የመጣች እስላም ልጅ ናት። የገባችበት ቤት ዐማራት ውስጥ ፎቅ ላይ ነበር፤ የቤቱ እመቤት ስትወጣ ከውጭ ቆልፋባት ትሄዳለች። ልጅቱ ደወለች፣ ቻይው ተባለች። ደግማ ደወለች፣ ቻይው ተባለች። በመጨረሻ የእመቤቲቱን ቶብ፣ ያንን የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ልብስ፣ ከበረንዳው ብረት ጋር አስራ በእሱ ልትወርድ ሞከረች። ቋጠሮው ተፈታ። ወገቧ ተሰበረ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእግሯ ቆማ አታውቅም።

የቀረውን አስካለ ራሷ ነው የነገረችኝ። ሁልጊዜም ሳታሳምር፣ ሳትቀንስ ነበር የምታወራው።

«ሆስፒታል የሄድኩት አዝኜላት እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «ለፖሊስ ስሜን እንዳትጠራ አፏን ላዘጋ ነው የሄድኩት። ምን ብዬ እንደማስፈራራት መንገድ ላይ ተለማምጄ ነበር። በሩን ከፍቼ ስገባ ልጅቱ አየችኝና ፊቷ በራ። "እትዬ፣ መጣሽልኝ? እንደምትመጪ አውቅ ነበር" አለችኝ። እኔ እንግዲህ እዚያ ላይ ተያዝኩ።»

«ተጸጸትሽ ማለትሽ ነው?»

«ጸጸቱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ ተያዝኩ ነው የምልሽ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው በከሻ ሲያዝ አይተሽ አታውቂም? ዳቦ ሊገዛ እንደወጣ፣ ሳያስበው፣ ፖሊስ አፍሶ መኪና ላይ ሲጭነው? እንደዚያ ነው እግዚአብሔር የያዘኝ። እኔ እኮ አልፈለግሁትም። ወረቀቴን ጠየቀኝ፣ ወረቀት የለኝም። ጫነኝ!»

ይህን ብላ ከት ብላ ሳቀች። የአስካለ ሳቅ እንዲህ ነበር፤ ሰው በሚያለቅስበት ቦታ ይመጣል።

በዚያው ሰሞን የልጆቹን ፓስፖርት በየእጃቸው መለሰች። መውጣት የፈለጉትን ከየቤቱ እየዞረች፣ ከባለቤቶቹ ጋር እየተጣላች አወጣች። የተከራየችውን ትልቅ ቤት ለቀቀችና ማዮ ውስጥ፣ ዝናብ ሲዘንብ መንገዱ ጭቃ በሚውጠው ሰፈር፣ አንዲት የጭቃ ክፍል ይዛ ሰዓዳን ተሸክማ ገባች። ከንስሓ አባቷ ጋር የተጨቃጨቀችውንም ሰምቻለሁ። አባ ጾምና ስግደት ሲያዙላት፣ «አባ፣ ስግደቱን ቀነስ አድርገው ሥራውን ይጨምሩልኝ። ጉልበቴን ለሰዓዳ እፈልገዋለሁ» አለቻቸው። በንስሓ ላይ እንደ ገበያ የምትከራከር ሴት ያኔ ገና አላየሁም ነበር።

እኔ ያወቅኋት ከዚህ በኋላ ነው። ዐማራት አንድ ሱዳናዊ የጥርስ ሐኪም ዘንድ እሠራ ነበር። መርፌ መውጋትና ቁስል ማጠብ ስለማውቅ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ጥግ ላይ የነበረችው የበሽተኞች ክፍል በእኔ ኃላፊነት ሆነች። አሠሪዎቿ በር ላይ የጣሏት፣ እስር ቤት ታማ የወጣች፣ አስታማሚ የሌላት፣ ሁሉም እዚያ ነበር የሚመጣው። አንድ ቅዳሜ አስካለ ነጠላዋን አደግድጋ ገባችና «ምን ልሥራ?» አለች። መልስ ሳልሰጣት አንዲት የታመመች ልጅ ከአልጋዋ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዐማራት ያስገባቻት ልጅ ነበረች።

በማግስቱ ክፍሏን የሚረዳው የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ሰዎች ተሰበሰቡ። ግማሹ «ንስሓ የገባን ሰው ማን ይከለክላል?» አለ፤ ግማሹ «ልጆቹን እያስታመመች ነው ወይስ እያሳመመች?» አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነበርኩ፤ ዛሬም ቢሆን ልክ ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። ወጥቼ ነገርኳት። ትከራከረኛለች ብዬ ነበር።

«እውነታችሁን ነው» አለች። «ልጅቱ እኔን እያየች እንዴት ይሻላታል? ከክፍሉ ልውጣ። መጸዳጃ ቤቱን ማን ነው የሚያጥበው?»

«ማንም» አልኩ፤ እውነቱም እሱ ነበር።

ያን ቀን ጀመረች። በሽተኞቹ እንዳያዩዋት በጓሮ በር ትገባለች፣ ታጥባለች፣ የቆሸሹትን አንሶላዎች ሰብስባ በፀሐይ ታሰጣለች፣ በጓሮ በር ትወጣለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ ግን ትዘምራለች። ድምፅዋ የብረት በር ሲከፈት ይመስላል። የመዝሙሩን ግጥም አታውቀውም፤ የረሳችው ቦታ ላይ ከራሷ ትጨምራለች፣ አንዳንዴም ዐረብኛ ትደባልቅበታለች። ቅዳሴ ላይ ያሉት ዲያቆናት ሳቃቸውን መቆጣጠር ያቅታቸው ነበር። እኔ አልሳቅሁም። የመጸዳጃ ቤት ብሩሽ ይዞ እንዲህ ደስ የሚለው ሰው፣ በዚያ ላይ ይህን ሁሉ የሠራ ሰው፣ አይዋጥልኝም ነበር። ንስሓ ማለት አንገት መድፋት ነው ብዬ ነው ያደግሁት።

አንድ ጊዜ ለሰዓዳ የአልጋ ቁስል መድኃኒት ይዤ ማዮ ሄድኩ። በሪክሻ እየተንገጫገጭኩ ደርሼ ስገባ አስካለ ልጅቱን በጎኗ አስተኝታ ጀርባዋን በለብ ያለ ውኃ ታጥባለች። ሰዓዳ ትሰድባታለች። እንዲህ ያለ ስድብ! «አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ እንደ ድንጋይ ነው፤ ቀስ በይ! ሬሳ ነው እንዴ የምታጥቢው?» አስካለ «እሺ የኔ እመቤት፣ ቀስ ይባላል» እያለች ያቺን ዜማዋ የማይያዝ መዝሙሯን ታንጎራጉራለች። ቁስሉን አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ እንኳ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አይያዝም።

ውጭ ወጥተን ጨርቁን ስትጨምቅ አላስችል አለኝ።

«እትዬ፣ ትንሽ አያሳፍርሽም?»

«ምኑ?»

«ዘፈኑ! ሳቁ! ይቺን ልጅ እዚህ አልጋ ላይ ያስተኛሻት አንቺ ነሽ። ሰው እንዴት እየዘመረ ያጥባታል?»

ጨርቁን ገመዱ ላይ አሰጣችና ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም፤ ይህም ያናድደኝ ነበር።

«መጀመሪያ ላይ እያለቀስኩ ነበር የማጥባት» አለችኝ። «ጀርባዋን ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይወርዳል። አንድ ቀን "አይዞሽ እትዬ፣ አታልቅሺ" አለችኝ። ገባሽ ትርሲት? ወገቧ የተሰበረው እሷ፣ አይዞሽ የምትባለው እኔ! ደንግጬ ልሞት። አስካለ፣ አሁን ደግሞ ማጽናናቱንም በደመወዝ ሳይሆን በነጻ ልታሠሪያት ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶዬን ለእግዚአብሔር ነው ይዤ የምሄደው፤ እሱ ይችለዋል። ለሰዓዳ ሳቄን ነው የምወስድላት።»

«ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የምትሰድብሽ?»

«ስለነገርኳት ነዋ። ሆስፒታል አፏን ላዘጋ መሄዴን፣ ስትደውልልኝ የማዛውርበት ሌላ ቤት እያለኝ ቻይው ማለቴን፣ ሁሉንም ነገርኳት። ልትረዳኝ ነው የመጣችው ብላ እያመነችኝ በውሸት እትዬዋ ልሁን? ያን ቀን "እትዬ" ማለቷን ተወች። ልክ ናት።»

«ይቅርታስ ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኋትም።»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የእኔና የአስካለ ዘመን የፈጀው ንትርክ የተጀመረው። ሁሉን ከተናገረች፣ ይቅር በይኝ የምትል አንዲት ቃል ምን ይከብዳታል? ሱዳን አገር ሰው እግርህን ረግጦም፣ ንብረትህን አጥፍቶም «ማዓሌሽ» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። «ማዓሌሽ በያትና ይለቅ!» እያልኩ ጮኼባታለሁ።

«ሰዓዳ መምረጥ አትችልማ» ትለኛለች። «ማን ያበላታል? እኔ። ማን ያገላብጣታል? እኔ። ውኃ ማን ያቀብላታል? እኔ። እንዲህ ሆና ይቅር በይኝ ብላት፣ እምቢ ማለት ትችላለች? እሺ ካለች ፈርታ ነው። ዝም ካለችም ስትጨነቅ ልታድር ነው። በእጄ ላይ ያለ ሰው ይቅርታውን እንዴት እቀበለዋለሁ? እሱም እኮ እንደ ፓስፖርቱ ነው ትርሲት፤ ቀምቶ መያዝ ነው።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«እምቢ ማለት እስክትችል።»

ነገሩ በክርክር ብቻ የቀረ ቢሆን ጥሩ ነበር። የንስሓ አባቷ ከበደልሻት ልጅ ጋር ሳትታረቂ ሥጋ ወደሙ አትቀበይም አሏት። እኔም አብሬ ነበርኩ፤ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ቆመው ነው የተነጋገሩት።

«አንቺ ጠይቂያት ብቻ» አሏት አባ፣ በትዕግሥት። «እምቢ ብትልም ካንቺ ይወርዳል።»

«ከእኔስ ይወርዳል አባ» አለቻቸው። «እሷ ላይ ይጫናል።»

አባ ሕጉን ማጠፍ አይችሉም፤ እሷም አትታጠፍም። ስለዚህ አስካለ ዓመት ዓመትን እየተከተለ ሲሄድ ሳትቆርብ ኖረች። በየሳምንቱ ታስቀድሳለች። ሰው ሊቀበል ሲሰለፍ እሷ ከኋላ፣ ምሰሶው አጠገብ ትቆማለች፤ የሕፃናቱን ጫማ ትጠብቃለች፣ የሚያለቅሱትን ታባብላለች። ያኔ እንኳ ፊቷ ላይ የተከለከለ ሰው ፊት አይታይም ነበር። አንድ ጊዜ ተናድጄ «አይርብሽም?» አልኳት። «እንዴት አይርበኝ! የሚርበኝ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። «ግን ጌታዬ ቸር ነው፤ በዘገየ እንግዳ አይቆጣም።» ጥያት ወጣሁ።

በነዚያ ዓመታት ያደረገችው ሁሉ ሰዓዳን ከእሷ ለማላቀቅ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ተሽከርካሪ ወንበር እስክታገኝ የማታንኳኳው በር አልነበረም። ወንበሩ ሲመጣ ራሷ አትገፋላትም፤ «በእጅሽ፣ በእጅሽ!» እያለች ከኋላ ትከተላለች፤ ሰዓዳ እየተሳደበች በዚያ አሸዋ ላይ ትታገላለች። ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻዋን እንድትወርድ አስተማረቻት። ልጅቱ ወድቃ ስታለቅስ አስካለ ፊቷን አዙራ ትቆማለች፤ አታነሣትም። እኔ ይህን አይቼ ጨካኝ ናት ብዬ ነበር። «ማንሣቱ ለእኔ ይቀለኛል» ነበር መልሷ።

ጦርነቱ ለፋሲካ ዶሮ ልናርድ በተዘጋጀንበት ቅዳሜ ጀመረ። እስላሞቹም ጾም ላይ ነበሩ። ዐማራትን ለቀን ለመውጣት ጥቂት ሳምንት ፈጀብን፤ የጥርስ ሐኪሙ ቤተሰቡን ወደ ኦምዱርማን፣ ወንድሙ ቤት ሊያሻግር ሲነሣ፣ እኔንም ከእነሱ ጋር ወሰደኝ። ደግ ሰው ነው። «ሌላ ሰው ካለሽ ጨምሪ፣ ቦታ አለ» አለኝ። በዚያ ተኩስ መካከል እሱን ለምኜ በማዮ በኩል አዞርኩት።

ሰዓዳ መኪናውን አየች፣ ሐኪሙን አየች፣ ከፊት የተቀመጠችውን ሚስቱን አየች።

«የት ነው የምንሄደው?»

«ወንድሙ ቤት። ሰፊ ቤት ነው፣ ክፍል አላቸው።»

«እኔ ከእንግዲህ የሰው ቤት አልገባም» አለች። «ወላሂ አልገባም። እዚሁ ልሙት።»

ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አልሆነም። ወደ አስካለ ዞርኩ። «ንገሪያት እንጂ! ንገሪያት፣ አስገቢያት!»

«እምቢ አለች እኮ» አለችኝ አስካለ። ፊቷ ላይ ያየሁትን ያን ጊዜ አላመንኩትም፤ ደስታ ነበር። «ሰምተሻታል? እኔን እኮ አላየችኝም። ሳታየኝ እምቢ አለች።»

«አንቺስ?»

«እኔ ምን? የእኔ እግር እሷ ናት፣ የሷ እግር እኔ ነኝ። ሂጂ፣ ሰዎቹን አታስጠብቂያቸው።»

የመኪናውን በር በኃይል ዘግቼ ሄድኩ። ሳንሳሳም ተለያየን። ከዚያ ድልድዮቹ ተዘጉ፣ ስልኩ ጠፋ። ማዮን የሚያውቅ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ አለች ይሉኛል፣ ደግሞ የለችም ይሉኛል። በመጨረሻ የሰዓዳ ስልክ መጣ፤ ሽንኩርት ስመርጥ።

መንገዱ ከተከፈተ ሰንብቷል፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቆይቼ ነበር። ከስልኩ በኋላ ግን ወዲያው ነው የተነሣሁት። ካርቱምን አቋርጬ ሳልፍ ያየሁትን አልጽፍም፤ ያየ ያውቀዋል። ማዮ ስደርስ የጭቃዋን ክፍል አጣኋት፤ ግድግዳዋ ፈርሷል። «ሰዓዳ የምትባል በወንበር የምትሄድ...» ብዬ ሳልጨርስ አንዲት ሴትዮ «ሲት ሰዓዳ!» ብላ፣ እመቤት ሰዓዳ ማለቷ ነው፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

በጦርነቱ ወቅት የሰፈሩ ሰዎች ያላቸውን እያዋጡ ተኪያ ከፍተው ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ በትላልቅ ድስት የሚበሰልበት የጋራ ወጥ ቤት ነው። ከዳርፉሩም፣ ከኑባውም፣ ከደቡቡም የተፈናቀለ ሰው ሁሉ የሚበላው ከዚያ ነው። ሰዓዳ መጀመሪያ ሽንኩርት ልትልጥ ሄደች። ቀጥሎ ጨው ቀማሽ ሆነች። ቀጥሎ ያለ እሷ ድስት የማይጣድ ሆነ። ስደርስ ወንበሯ ላይ ሆና በእጇ ማማሰያ ይዛ በዐረብኛ ትጮኻለች፤ ትልልቅ ሴቶች እሷ ወዳለችበት ይሮጣሉ። ከወጥ ቤቱ ጎን አንዲት ክፍል ሰጥተዋታል። ቁልፉ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ክፍሏ ይዛኝ ገባች።

«አስካለ ከኔ በታች ነበር የምትሠራው» አለችኝ። «ድስት አጣቢ። ከሁሉ ቀድማ ትመጣለች፣ ያንን ጩኸቷን ትዘምራለች። ሴቶቹ ቋንቋውን ሳያውቁት አብረዋት ይሉ ነበር። ይቺን ክፍል ሲሰጡኝ "አንቺም ነይ" አላልኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። እዚያ ማዶ ከአንዲት አሮጊት ጋር ተዳብላ ገባች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። አንኳኩታ አታውቅም እኮ፤ ሰተት ብላ ነበር የምትገባው። ከፈትኩ። ደጃፉ ላይ እንደ እንግዳ ቆማለች። "ሰዓዳ፣ አሁን ከእኔ ምንም የምትፈልጊው የለም። በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ" አለችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እምቢ።»

«ሰዓዳ!»

«እምቢ አልኳት። ስንት ዓመት ተሸክሜው፣ በአንድ ጠዋት እሺ ልበል? እምቢ አልኩ። ከዚያ ምን ያደረገች ይመስልሻል? እልል አለች! ወላሂ እልል አለች! ጎረቤቱ ሁሉ ወንድ ልጅ የተወለደ መስሎት ወጣ። "እምቢ ማለት ቻለች! እምቢ ማለት ቻለች!" ትላለች። እያበደች ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ነጠላዋን አደገደገችና ድስቷን ልታጥብ ሄደች። በማግስቱም መጣች፣ በሣልስቱም መጣች፤ እንደ ድሮዋ እየዘመረች። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።»

«ኋላስ? ስትታመም?»

ሰዓዳ መሬት መሬት አየች። «ትኩሳቱ ቶሎ ነው የወሰዳት። መድኃኒት የለ። እዚህ አልጋዬ ላይ አስተኝቻት ነበር፤ ውኃ ሳቀብላት "እግዜር ይስጥልኝ የኔ እመቤት" ትለኛለች። ልላት እችል ነበር። አላልኳትም። እሷም በዓይኗም አልጠየቀችኝ።»

በሰዓዳ ተናደድኩ፤ ወዲያው ደግሞ በምን ሥልጣኔ አልኩና በራሴ ተናደድኩ። በአስካለ ተናደድኩ። አባ ያሏትን አድርጋለች፤ ጠይቃለች፣ እምቢም ብትባል ከእሷ ወርዷል። ልትቆርብ ትችል ነበር። ግን አባ ሌላ ከተማ ሸሽተዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተዘግቷል፤ ፈቃዱን ስታገኝ የሚያቆርባት የለም። ይህን ያህል ዓመት ከምሰሶው ኋላ ቆማ የራባትን ሳትቀምስ ሄደች። እግዚአብሔርን እንኳ «ምናለበት ጥቂት ብትቆይላት?» አልኩት፤ እስካሁንም እለዋለሁ። በኋላ ለአባ ደውዬ ስነግራቸው «እኔ ሕጉን ጠበቅሁ፤ እሷ ልጅቱን ጠበቀች» አሉኝ። ያም አላበረደኝም።

ልነሣ ስል ሰዓዳ ያዘችኝ።

«እናንተ ለሙታችሁ አርባ ታወጡ የለም?»

«እናወጣለን። ኦምዱርማን ያለነው እንመካከርና...»

«የምን ኦምዱርማን? እዚህ ነው የሚወጣው። እኔ ነኝ የማወጣው።»

«አንቺ?» አልኳት። «ይቅር አላልኳትም እያልሽኝ?»

«አላልኳትም። እሱ የኔና የሷ ነው። አርባው ግን ሌላ ማን አላት?»

እንግዲህ ተቀምጠን መጨቃጨቅ ጀመርን። በግ ይታረድ አለች። ማን ያርደዋል? የእኛ ሰው ቢያርደው እሷና ሰፈሩ አይበሉም፤ የእነሱ ሰው ቢያርደው እኛ አንበላም። ሁለት በግ እንዳይሆን ለአንዱም ገንዘብ የለም። ሰዓዳ ማማሰያዋን ጭኗ ላይ እየመታች አሰበች።

«ዐደስ ይሁን» አለች በመጨረሻ። «ምስር ማንም ቢቀቅለው ምስር ነው።»

«ዐደስ ይሁን» አልኩ።

በሩን ከፍታ ለሴቶቹ ትልቁን ድስት እንዲያወጡ ጮኸችባቸው። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኔ መለስ አድርጋ ጣቷን ቀሰረችብኝ።

«አንቺ ደግሞ ቄሱን ታመጪያለሽ፣ ኢንሻላህ። የከለከሏትን ሰውዬ ራሳቸውን። መጥተው ይጸልዩላት፣ ይብሉም። ግን አንኳኩተው ይግቡ በያቸው፤ ቤቴ ነው።»